ሰባት ደቂቃ ዋሽንት

ጋሽ መሸሻ ሰው ሲናገር ሳያቋርጡ መስማት አይችሉም። በሽታ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑላቸው፤ ሙያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ፣ ምርመራ ክፍል በሚባለው፣ የድራማ ጽሑፍ መርማሪ ሆነው ሠርተዋል። ማለትም የሌላ ሰው ጽሑፍ እያነበቡ "ይህ ይውጣ፣ ይህ ይለሳለስ፣ ይህ ለሰፊው ሕዝብ አይጠቅምም" ሲሉ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጽሑፉ ቀርቶ ሰዉ ተተካ። እድር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩን "እሱን ዝለለው" ይላሉ። የልጃቸው ባል ጴንጤ ነው፤ የማዕድ ጸሎት ሲያስረዝም ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው የትኛው ቢወጣ እንደሚያምር ያስባሉ።

ነገሩ የጀመረው ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ካለች አንዲት ፋርማሲ ነው። እዚያ የደም ግፊት ክኒናቸውን የምትሰጣቸው ልዩ የምትባል ልጅ አለች፤ ቀን መድኃኒት ትሸጣለች፣ ከሥራ ስትወጣ ቲያትር ትጽፋለች። አንድ ቀን ክኒኑን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ከሰጠቻቸው በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጋሼ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር አለቻቸው። ጋሽ መሸሻ መድኃኒቱ የተወደደ መስሏቸው ፊታቸውን አጠቆሩ። እሷ ግን ከጓደኞቿ ጋር አንድ ቲያትር እያዘጋጀች ነበር። እዚሁ ከተማ ውስጥ ወንድ ከወንድ ተዋዶ፣ አንድ ቤት ገብቶ፣ አብሮ ያረጀበትን ታሪክ፣ ሬዲዮውም ይህን እንዴት እንደዋጠው የሚያሳይ ነው። ቲያትሩ ውስጥ ሳንሱር የሚያደርግ ሰው አለ፤ ከመሀከላቸው በሕይወት ያለ ሳንሱር አይቶ የሚያውቅ የለም። መጥተው ቢያዩልን ብላ ለመነቻቸው።

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን የነገሩን መጀመሪያ እንደሰማ አማትቦ ይወጣ ነበር። ጋሽ መሸሻ ግን ጆሯቸው የያዘው መጨረሻውን ነው።

"ሳንሱሩን ማነው የሚጫወተው?" ብለው ጠየቁ።

ልምምዱ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከጋቢና ከነጠላ ሱቆቹ ጀርባ፣ የኖህ አባት የሽመና ቤት ውስጥ። ኖህ ከተዋንያኑ አንዱ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሸማኔዎቹ ሲወጡ ዕቃውን ወደ ግድግዳ ይገፋና ወለሉ መድረክ ይሆናል። ፈቃድ የላቸውም፣ አልጠየቁምም። ይህ ነገር ቢሰማ ፖሊሱም ሕጉም አለ፤ ከፖሊስ ቀድሞ ደግሞ ሰፈሩ አለ። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በስም ለሚታወቁ ሃያ ሁለት ሰዎች ብቻ አንድ ጊዜ ሊያሳዩ፣ ስልክ ሁሉ በር ላይ ሊሰበሰብ ተስማምተዋል። ጋሽ መሸሻን የስልኩ ነገር በጣም አስደነቃቸው። በእኛ ጊዜ ለአገሩ በሙሉ ስድስት መርማሪ ነበርን፣ አሁን እኮ እያንዳንዱ ሰው በኪሱ ይዞ ይዞራል አሉ።

መጀመሪያ የሄዱ ቀን ልምምዱ ተጀመረና ሳንሱሩ መድረክ ላይ ወጣ። የሚጫወተው ኢዩ የሚባል ድምፀ መረዋ ልጅ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ የልብስ ሰፊ መቀስ ይዟል፣ ጠረጴዛ እየደበደበ ይጮኻል። ጋሽ መሸሻ እስከ ሦስተኛው ጩኸት ታገሡ፤ ከዚያ ተነሡ። የተነሡት ተቀይመው ነው። ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሙያ እንዲህ ሲበላሽ ቁጭ ብለው ሊያዩ ነው እንዴ? መቀስ የሚባል ነገር ክፍላችን ውስጥ ኖሮ አያውቅም ብለው ጀመሩ። በምላጭ ነው። የቴፑ ክር ቦይ ባለው ብረት ላይ ይነጠፋል፣ ምላጩ በሰያፍ ይገባል፤ ቀጥ ተደርጎ ከተቆረጠ አየር ላይ ጠቅ ይላል፣ ያ ደግሞ ነውር ነው። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው እንዴት አድርጎ ያነባል? ጩኸትም የለም። ሳንሱር ሰው ሻይ ይጋብዛል፣ ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ ይላል፣ "እቺን ነገር ብናወጣት ምን ይመስልሃል" ብሎ ያማክራል። ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ አመስግኖ ይሄዳል። መቆረጡን የሚያውቀው ታክሲ ውስጥ ነው።

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ መሸሻ መሳቃቸው ደስ አላቸውና የዋሽንቱን ነገር ጨመሩላቸው። የተቆረጠው ቦታ ባዶ እንዳይሆን፣ የፕሮግራሙም ሰዓት እንዳይጎድል ዋሽንት ይገባበት ነበር። ሁለት ደቂቃ ከተቆረጠ ሁለት ደቂቃ ዋሽንት። አገሩ ሬዲዮው ባህል ይወዳል ብሎ ያመሰግናል፤ የጣቢያው ሰዎች ግን ዋሽንት በሰሙ ቁጥር ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ልዩ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አወጣች። በእኛ ቲያትር የሚቆረጠው ሰባት ደቂቃ ነው፣ እንግዲያው ሰባት ደቂቃ ሙሉ ዋሽንት ይነፋ፣ ተመልካቹም ቁጭ ብሎ ያዳምጥ አለች። ስብሐት የሚባል ዋሽንት ነፊ ጓደኛም ነበራቸው።

የቲያትሩ ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው፤ በእውነት የሆነ ነው። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት አንድ የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ አለ፤ ከአንድ ጥልፍ ጠላፊ ጋር ይኖራል። አንድ ምሽታቸውን እንዳለ ድራማ ውስጥ ይጽፈዋል። ሳንሱሩ ይቆርጠዋል። ልዩ የቁርጡን ቦታ ስታሳይ፣ ከዚህ ነው፣ በሩ ሲንኳኳ አለች።

እዚህ ላይ ነው ጋሽ መሸሻን ሙያቸው የበላቸው።

"በሩ ሲንኳኳ ማ ይቆርጣል?" አሉ። "የበር ድምፅ መሀል ምላጭ አይገባም፣ ያስታውቃል። የተቆረጠው 'ውሃው ሞቋል፣ እግርህን ስጠኝ' ከሚለው ጀምሮ ነው።"

ልዩ ወረቀቷን ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች። እንዲህ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ያ ሰባት ደቂቃ በዓለም ላይ የቀረ ቅጂ የለውም። ይህን ከየት አመጡት ብላ በቀስታ ጠየቀቻቸው። ጋሽ መሸሻ እ... ማለቴ፣ ለምሳሌ ያህል ነው አሉና ባርኔጣቸውን መፈለግ ጀመሩ። ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ነበር።

ጸሐፊው ማን እንደሆነ ጋሽ መሸሻ ሳይነገራቸው ያውቃሉ፤ እናንተም እወቁት። ጋሽ አድነው ናቸው። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ሰው ሁሉ ድምፃቸውን ከሬዲዮ ያውቃል። ከጋሽ መሸሻ ቤት ሽቅብ ትንሽ ወጣ ብሎ ይኖራሉ። ከነገራ ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል። ነገራ ሽሮ ሜዳ የታወቁ ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ፤ ሰፈሩ "የአድነው ወንድም" ይላቸው ነበር። አንዱ የቡልጋ ሰው፣ ሌላው የአምቦ ናቸው፤ ወንድምነቱ በየት በኩል እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። ጋሽ መሸሻም አልጠየቁም። ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን እንኳ የንስሐ አባታቸውን አልጠየቁም፤ መልሱን ፈርተው ነው። ሐሙስ ሐሙስ እነሱ ቤት ምሳ ይበሉ፣ ነገራም ያጎርሷቸው ነበር፣ በቃ።

በምርመራ ክፍሉ ሕግ የሚቆረጥ ነገር ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ከዚያ በእጅ ተገልብጦ፣ ለምን እንደተቆረጠ ተጽፎ ለአለቃ ይሄዳል። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ጋሽ መሸሻ የአድነውን ሰባት ደቂቃ ሦስት ጊዜ አነበቡት፣ ገለበጡትም። ገልብጠው ሲጨርሱ ይህ ወረቀት ወደ ላይ ከሄደ ሁለት ሰው እንደሚጠፋ ገባቸው። ቀደው ጣሉት። በቅጹ ላይ "በሰዓት መጣበብ ምክንያት ሰባት ደቂቃ ተቀንሷል" ብለው ጻፉ፣ ለጋሽ አድነውም ይህንኑ ነገሯቸው። ጋሽ አድነው የሰዓት ነገር አስቸጋሪ ነው ብለው መለሱላቸው። ቤታቸው ገብተውም ረቂቁን ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

እንግዲህ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህች የሰዓት መጣበብ መሀከላቸው ተቀምጣ ምሳ ስትበላ ኖረች። ጋሽ መሸሻ "አስታውሰዋለሁ" ካሉ "አውቅ ነበር" ማለታቸው ነው። ያን ሁሉ ሐሙስ እያወቁ ነበር ማለት ነው፤ እያወቁ ነበር ነገራን ወንድም ሲሏቸው የኖሩት። ካላሉ ደግሞ ሰባቱ ደቂቃ ከእሳቸው ጋር መቃብር ይወርዳል።

ነገራ የዛሬ ሁለት ዓመት ሞቱ። የወንድሞቻቸው ልጆች ከአምቦ መጥተው በሐዘንተኛ ወንበር ተቀመጡ። ጋሽ አድነው ከድንኳኑ ጫፍ፣ ከእድርተኛው ጋር ነበሩ። ማን ናቸው ብሎ ለጠየቀ ጎረቤት ናቸው ተባለ፤ ይህን ብለው ከመለሱት አንዱ ጋሽ መሸሻ ናቸው። ለደግ ብለው ነው። በሦስተኛው ቀን የወንድም ልጆቹ የሟችን ልብስ ጠቅልለው ሄዱ። ጋሽ አድነው ባዶ ቤት ገብተው ዘጉ፤ ለወራት ከመድኃኒት በቀር የሚያስወጣቸው ነገር አልነበረም። ልዩ ታሪኩን ያገኘችው እንግዲህ ያኔ ነው፤ ለእሳቸውም መድኃኒት የምትሰጥ እሷ ነች። ሁሉን ነግረዋታል። ሰባቱን ደቂቃ ግን ረስተዋል። ቆንጆ እንደነበረ ብቻ ነው የማስታውሰው አሏት፤ ይህን ደግሞ የማይል ጸሐፊ የለም።

ቲያትሩ ሊታይ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኢዩ ቀረ። አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ማስታወቂያ ያነባል። ማንም አልከለከለውም። አለቃው መተላለፊያ ላይ አግኝቶት፣ አንተ እዚያ ነገር ውስጥ የለህበትም አይደል ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው፣ አለቀ። ጋሽ መሸሻ ይህን ሲሰሙ በሙያ ዓይን አይተውት ጥሩ ሥራ ነው አሉ። ልዩ ግን የቀረውን ወንበር እርስዎ ይቀመጡበት ብላ ያዘቻቸው። ደም ግፊቴ አይፈቅድም አሉ። እዚያው ፋርማሲው ውስጥ ለካችው፤ ደኅና ነው። ሌላ ሰበብ እስኪያስቡ ድረስ ስማቸው ተጻፈ።

ሐሙስ እንደ ልማዳቸው ወደ ጋሽ አድነው ሄዱ። ነገራ ከሞቱ ወዲህ የሚያበስሉት ጋሽ አድነው ራሳቸው ናቸው፤ በሬዲዮ የተዋጣላቸውን ያህል በድስት አልተዋጣላቸውም። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ሁለቱም ስለ ጨው ምንም ሳይሉ በሉ።

"እሑድ የምትቆርጠኝ አንተ ነህ አሉ" አሉ ጋሽ አድነው።

ልጁ ቀርቶባቸው ነው፣ ምን ላድርግ ብለው ጋሽ መሸሻ አጉረመረሙ። ጋሽ አድነው፣ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ልምድ አለህ አሉና ፈገግ አሉ። ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን ከትሪው ሳያነሡ ቀጠሉ።

"ልጆቹ በዚያ ቦታ ዋሽንት ያሰሙኛል። ደግ ናቸው። ያን የተቆረጠውን አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማው ግን ደስ ይለኝ ነበር። ነገራ ከዚያ ወዲያ የተናገረው ሁሉ ከእሱ ጋር እየተደባለቀብኝ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ የለም። ማንም የለውም።"

ጋሽ መሸሻ አፋቸውን ከፈቱ። ከፈቱና፣ እስቲ ጨው አቀብለኝ አሉ። እዚያ ሽሮ ላይ ጨው ጨምረው እስከ መጨረሻው በሉት፤ ይገባቸዋል።

እሑድ ደረሰ። በር ላይ ስልክ በዘንቢል ተሰበሰበ። ሃያ ሁለቱ ሰዎች በሸማኔ ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ጋሽ አድነው ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ከነጋቢያቸው ነበሩ። ጋሽ መሸሻ የመሥሪያ ቤት ኮታቸውን ለብሰው ጠረጴዛው ኋላ ተሰየሙ። እንዴት እንደተዋጣላቸው ብነግራችሁ! ሻይ ሲጋብዙ፣ ስለ ልጆች ጤና ሲጠይቁ፣ "ምን ይመስልሃል" ሲሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በሰባ ስድስት ዓመታቸው አዲስ ሙያ ያገኙ መሰላቸው፣ ትንሽም ኮሩ።

ቁርጡ ጋ ተደረሰ። ኖህ ጸሐፊውን ሆኖ ተቀምጧል፤ ሌላው ተዋናይ ቤዛብሕ ጠላፊውን ሆኖ የውሃ ሳፋ ይዞ ገባ። በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መሸሻ ምላጩን አንሥተው "ይህ ይውጣ" ማለት አለባቸው፤ ሁለት ቃል ነው። ስብሐት ዋሽንቱን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ይጠብቃቸዋል። ጋሽ መሸሻ ቀና ሲሉ ጋሽ አድነውን አዩዋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰባት ደቂቃ ዋሽንት በትሕትና ለማዳመጥ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ያኔ ጋሽ መሸሻ አፈሩ። አርባ ሁለት ዓመት ሲሸሿት የኖሩት እፍረት መጥታ ደረሰችባቸው።

ምላጩን አስቀመጡ። ለስብሐት በእጃቸው ተው አሉት። ከዚያ ወደ ቤዛብሕ ዘወር ብለው፣ "ልጄ፣ 'ውሃው ሞቋል፣ እግርህን ስጠኝ' በል" አሉት።

ቤዛብሕ ልዩን አያት፤ ልዩ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችው፤ እሱም ቃሉን አለ። ጋሽ መሸሻ የኖህን መልስ ነገሩት፤ ኖህም አለ። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ፣ አንድም ቃል ሳይጎድል አስኬዱት። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረበትም። አንዱ እግሩ አብጦ ገብቷል፣ ሌላው ያጥብለታል። ጢምህ ላይ ክር አለ፣ አንተም ጆሮህ ላይ ቀለም አለ ይባባላሉ። የከፈለ እንግዳ ይመስል አልጋውን በሙሉ ትይዘዋለህ ብሎ አንዱ ይከሳል። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ አድነው አልሳቁም፤ ከንፈራቸው ብቻ ከቃሉ ጋር ይንቀሳቀስ ጀመር። ከዚያ ጸሐፊው ብሞት ማን ያለቅስልኛል ብሎ ይጠይቃል፣ ጠላፊው እኔ ይላል፤ ምኑ ነህ ቢሉህስ ይለዋል።

ጋሽ መሸሻ የመጨረሻውን መልስ ለቤዛብሕ ነገሩት። "'ስም ካልሰጡኝ ያለ ስም አለቅሳለሁ። እንባ መታወቂያ አይጠየቅም' በል።"

ቤዛብሕ ሞከረ፣ አልወጣለትም።

"እሷን እኔ አልጻፍኳትም" አሉ ጋሽ አድነው ከተቀመጡበት። ያ አገር የሚያውቀው ድምፃቸው ሰልሏል። "ነገራ ነው ያለኝ። ቤት ውስጥ፣ እግሬን እያጠበ። እኔ ዝም ብዬ ገለበጥኳት።" ከዚያ ጋሽ መሸሻን ትክ ብለው አዩዋቸው። "ታውቅ ነበር ማለት ነው።"

"አውቅ ነበር።"

"ለእኛ ፈርተህ ነው የቆረጥከው?"

እዚህ ላይ አዎን ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ሰዉም ያምን ነበር፣ ግማሹም እውነት ነው። ጋሽ መሸሻ ይህን መልስ አርባ ሁለት ዓመት አዘጋጅተው አስቀምጠውት ነበር።

"ለራሴ ነው የፈራሁት" አሉ። "ለእናንተ የፈራሁት ምላጩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።"

ጋሽ መሸሻ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ፤ በቀስታ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሄዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሐዘንተኛ ፊት እንደሚደረገው ዝቅ አሉና እጃቸውን ያዟቸው።

"እግዜር ያጥናህ፣ አድነው።"

ነገራ ከተቀበሩ ጀምሮ ይህን ቃል ለጋሽ አድነው ያላቸው ሰው አልነበረም።

"ሁለት ዓመት ዘገየህ" አሉ።

"ምርመራ ላይ ነበር" አሉ ጋሽ መሸሻ።

ጋሽ አድነው ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ፤ ድንኳን ውስጥ ያላለቀሱትን፣ ሰው ለራሱ ሰው የሚያለቅሰውን፣ ስሙን እየጠሩ፣ ነገራ፣ ነገራዬ እያሉ አለቀሱ። ልዩ ተነሥታ መጣችና ዝቅ ብላ እጃቸውን ያዘች። ከኋላዋ ኖህ መጣ፣ ከዚያ ቤዛብሕ፣ ከዚያ ስብሐት። ከዚያ ተመልካቹ ከየወንበሩ ተነሥቶ ሰልፍ ያዘ፤ እያንዳንዱም ባለ ተራ ዝቅ እያለ እግዜር ያጥናዎት አላቸው፣ እሳቸውም እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ለእያንዳንዱ አሜን አሉ።